ሁሉ ስላደነቀው ድልድይ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስን ዋና ባለታሪክ ያደረጉ ፊልሞች ጥቂቶች ናቸው። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ወታደሩና ፖሊሱ በየሳምንቱ በሲኒማ ሸራ ላይ ሲመላለሱ፣ መሐንዲሱ አብዛኛውን ጊዜ ከበስተኋላ ካርታ ዘርግቶ የሚቆምና ሁለት ቃል ተናግሮ የሚወጣ ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ታላቅ ፊልም መላ ታሪኩን በድልድይ ሥራ ላይ መሥርቶ ስለ አፈር ጥንካሬ፣ ስለ እንጨት ዓይነት፣ ስለ ሠራተኛ አመዳደብ በቁም ነገር ሲነጋገር የሙያው ሰዎች ቢወዱት አያስደንቅም። በ1957 ዓ.ም. የወጣው «የክዋይ ወንዝ ድልድይ» (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያለ ፊልም ነው። መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ስለ ሲኒማ ጨዋታ ከተነሣ ስሙ ሳይጠራ አይቀርም፤ ከተጠራም በኋላ የሚነቅፈው ሰው አይገኝም። ይህ ንግግር የሚነቅፈውን ወገን ይዞ የሚቆም ነው።

በመጀመሪያ ለፊልሙ የሚገባው ምስጋና ይሰጠው። በወጣበት ዓመት ከነበሩት ፊልሞች ሁሉ የበለጠ ገበያ አግኝቷል። በ1958 በተሰጠው የኦስካር ሽልማት ምርጥ ፊልም ተብሎ ተመርጧል፤ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን፣ ዋናው ተዋናይ አሌክ ጊነስ፣ የፎቶግራፍ ባለሙያው፣ የሙዚቃው ደራሲ፣ የፊልም ጽሑፉና ቅንብሩ ሳይቀሩ ተሸልመው ሽልማቱ በጠቅላላው ሰባት ደርሷል። ጫማቸው ያለቀ ምርኮኞች እያፏጩ ወደ ሰፈሩ ሲገቡ የሚሰማውን ዜማ ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች በሚቀሩት ፊልም ውስጥ የሚሰለች ክፍል አይገኝበትም። ይህ ሁሉ አይካድም። አንድ መጥፎ ነገር በጥሩ ሁኔታ ሲነገር ግን ከመጥፎነቱ የሚቀነስለት የለም፤ ይልቁንም ረጅም ዕድሜ ያገኛል።

ታሪኩ የሚታወቅ ስለ ሆነ ባጭሩ ማስታወስ ይበቃል። ኮሎኔል ኒኮልሰን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ከተማረከው ጦሩ ጋር በጃፓኑ ኮሎኔል ሳይቶ ወደሚመራው የምርኮኞች ሰፈር ይገባል። ሳይቶ መኮንኖችም እንደ ተራ ወታደር በጉልበት ይሥሩ ይላል፤ ኒኮልሰን የጄኔቫን ስምምነት ጠቅሶ እምቢ ይላል። በፀሐይ በጋለ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ይሠቃያል፤ በመጨረሻ ግን ያሸንፋል። ካሸነፈም በኋላ የሚሠራው ነገር የታሪኩ ቁልፍ ነው። የጃፓኑ መሐንዲስ የመረጠው ሥፍራ ጭቃ በመሆኑ ቋሚዎቹ እየሰመጡ አስቸግረዋል። በህንድ አገር ድልድይ የሠራው ሻምበል ሪቭስ ወደ ታች ወረድ ብሎ የተሻለ መሠረት ያገኛል፤ በጫካው ውስጥ ያለው እንጨትም በአሮጌው የለንደን ድልድይ ሥር ስድስት መቶ ዓመት ከቆየው እንጨት ጋር እንደሚመሳሰል ለኮሎኔሉ ይነግረዋል። ኒኮልሰን የስድስት መቶውን ዓመት ነገር ሲሰማ ዓይኑ ያበራል። ከዚያ በኋላ ምርኮኛነቱን፣ ጦርነቱንና ጠላቱን ይረሳል። ድልድዩ በቀኑ እንዲያልቅ መኮንኖቹን ያሰማራል፤ በሽተኞቹንም ከአልጋቸው ያስነሣል። ሲያልቅም የእንግሊዝ ወታደሮች እንደሠሩት የሚመሰክር ጽላት ያስቸነክርበታል። በመጨረሻው ሰዓት የራሱ ወገን ኮማንዶዎች ሊያፈነዱት ሲመጡ ለማዳን ይሯሯጣል፤ ያደረገውን የሚያስተውለው ሊሞት ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነው።

መሐንዲሶች ይህን ፊልም የሚወዱበት ምክንያት እዚህ ላይ ግልጥ ይሆናል። ስድስት መቶ ዓመት የሚቆም ነገር ለመሥራት ያልተመኘ የሙያው ሰው የለም። ኒኮልሰን በተጠናቀቀው ድልድይ መሐል ላይ ቆሞ ስላሳለፈው ዕድሜ ሲናገር፣ በአዳራሹ ውስጥ ያለ መሐንዲስ ሁሉ የራሱን ግድብ፣ የራሱን መንገድ፣ የራሱን ሕንጻ ያስባል። ፊልሙ ኒኮልሰንን ያወግዘዋል ቢባልም፣ ውግዘቱ የሚመጣው ተመልካቹ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ካፈቀረው በኋላ ነው። ተመልካች ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የሚያፏጨው ዜማውን ነው እንጂ ወቀሳውን አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን በፊልሙ መሐል ሳይጮኽ የሚያልፈው አንድ ክርክር ነው። ሐኪሙ ሻለቃ ክሊፕተን ኮሎኔሉን ይጠይቀዋል፤ ይህን ያህል ጥሩ ድልድይ ለጠላት መሥራት ከጠላት ጋር መተባበር አይሆንምን? ኒኮልሰን በጥያቄ ይመልሳል። ሳይቶ ታሞ ቢላዋ ቢያስፈልገው አንተ ሐኪሙ በሙሉ ችሎታህ ታክመዋለህ ወይስ እንዲሞት ትተወዋለህ? ክሊፕተን መልስ ያጣል፤ ተመልካቹም ኮሎኔሉ ያሸነፈ ይመስለዋል።

ለዚህ ንጽጽር በቂ መልስ ሳይሰጥ ፊልሙ ወደሚቀጥለው ትዕይንት ያልፋል። ነገር ግን ንጽጽሩ ውሸት ነው፤ ለመሐንዲስም አደገኛ ውሸት ነው። የሐኪሙ በሽተኛ በጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ነው፤ ሥራው በእርሱ ይጀምራል፣ በእርሱም ያልቃል። የመሐንዲሱ በሽተኛ ማነው? ድልድዩ አይደለም፤ ድልድይ አይታመምም፣ አይድንምም። በድልድዩ ላይ የሚያልፈው፣ በድልድዩ ምክንያት የሚፈናቀለው፣ ድልድዩን ሲሠራ ወድቆ የሚሞተው ሰው ነው። ስለዚህ «ሥራዬን በሚገባ ሠራሁ» የሚለው ቃል በሐኪም አፍና በመሐንዲስ አፍ እኩል አይመዝንም። ሐኪሙ ይህን ሲል የበሽተኛውን መዳን መናገሩ ሊሆን ይችላል፤ መሐንዲሱ ይህን ሲል ምናልባት ስለ እንጨቱና ስለ ብረቱ ብቻ ተናግሮ ይሆናል። ኒኮልሰን በሽተኞችን ከሆስፒታል አስነሥቶ ወደ ሥራ ያሰለፈ ጊዜ ማንን እያከመ ማንን እንደሚገድል በግልጥ ታይቷል፤ ፊልሙ ግን ይህን ሥፍራ እንደ ቀልድ ነክቶት ያልፋል።

ይህ በፊልም ውስጥ የቀረ ክርክር ቢሆን ኖሮ ማኅበሩን ለማሰልቸት ባላበቃ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱ እውነተኛ ነው። የጃፓን ጦር ከ1942 አጋማሽ እስከ ኦክቶበር 1943 ድረስ ከታይላንድ እስከ በርማ 415 ኪሎ ሜትር የባቡር መንገድ ዘርግቷል። መጠኑን ለመገመት ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋውን የቀድሞውን ሐዲድ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ያ መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ1897 እስከ 1917 ሃያ ዓመት ፈጅቷል። የበርማው ሐዲድ ከዚያ ከግማሽ በጥቂት ይበልጣል፤ ያለቀው ግን ከአንድ ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ ነው፤ ያውም በጫካና በገደል፣ ከ600 በላይ ድልድዮች ያስፈለጉበት መሬት ላይ። ፍጥነቱ የተገኘው ከማሽን አይደለም። ኮንዩ በተባለው ሥፍራ ምርኮኞቹ ዓለቱን በመዶሻና በእጅ መሰርሰሪያ እየበሱ፣ ፍንጣሪውን በቅርጫት እያወጡ ቆረጡት፤ ሌሊት በእሳት ብርሃን ሲሠሩ የሚታየው ጥላ ሲኦል ስለ መሰላቸው ለቦታው የገሃነመ እሳት በር የሚል ስም አወጡለት። በ1943 ዝናብ ሥራው ሲፋጠን ኮሌራ ገባ። ከ60,000 በላይ ከነበሩት የእንግሊዝ፣ የአውስትራሊያ፣ የሆላንድና የአሜሪካ ምርኮኞች መካከል ከ12,000 በላይ ሞቱ።

በታማርካን ሰፈር፣ ድልድዩ በተሠራበት ሥፍራ፣ የምርኮኞቹ አለቃ የነበሩት ሌተና ኮሎኔል ፊሊፕ ቱሲ ይባላሉ። ሰላማዊ ሥራቸው ባንክ ቤት የነበረ፣ በመድፈኛ ጦር የዘመቱ ሰው ናቸው። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ዓለም ኒኮልሰንን ያያቸው በእርሳቸው ላይ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ በአንድ ነገር ብቻ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ሥርዓት ይወዳሉ። ኒኮልሰን ማምለጥን ከልክሏል፤ ቱሲ ግን ሁለት መኮንኖች እንዲያመልጡ የወር ስንቅ ሰጥተው ለሁለት ቀን ያህል መጥፋታቸውን ደብቀዋል። የሸሹት ሰዎች ተይዘው በሳንጃ ተገደሉ፤ ቱሲም ተቀጡበት። ኒኮልሰን ድልድዩ እንዲቆም ሰውን ይነዳል፤ ቱሲ ደግሞ ሰው እንዲቆም በድልድዩ ይነግዳሉ። ይኸውም በተደበደበ ወታደር ሁሉ ምክንያት አቤቱታ እያቀረቡ፣ እርሳቸውም እየተደበደቡ፣ «ሰዎቹ ቢያርፉና ቢበሉ ሥራው ይፋጠናል» እያሉ ጃፓኖቹን አሳምነው ብዙ ነገር ያስፈቅዱ ነበር። ቡንፖንግ የተባለ የታይላንድ ነጋዴ በሕይወቱ ቆርጦ መድኃኒትና ገንዘብ ወደ ሰፈሮቹ በስውር ሲያስገባ፣ ያን ለበሽተኞች የሚያደርስ የተደራጀ ሰፈር ያስፈልግ ነበር፤ የቱሲ ሥርዓት የጠቀመው ለዚህ ነው።

ሥራውንስ? መሥራት እምቢ ማለት ሞት ነበረ፤ ስለዚህ ሠርተዋል። ነገር ግን ምርኮኞቹ ምስጥ እየሰበሰቡ በእንጨቱ ድልድይ ላይ ይለቁ ነበር፤ የኮንክሪቱንም ድብልቅ ሆን ብለው ያበላሹ ነበር። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ሁሉ የተበላሸ ኮንክሪት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሲሚንቶ የጎደለው፣ ውኃ የበዛበት፣ በሚገባ ያልተጠቀጠቀ ኮንክሪት በማንኛውም የሥራ ቦታ የውርደት ምልክት ነው፤ ተቆጣጣሪው ያስፈርሰዋል፣ ተቋራጩ ይቀጣበታል። በታማርካን ግን የክብር ምልክት ነበረ። ይህን ነገር በፊልም ለማሳየት አስቸጋሪ መሆኑ የታወቀ ነው። ወንዝ አቋርጦ የሚቆም ድልድይ ለዓይን ያምራል፤ በባልዲ ውስጥ የጎደለ ሲሚንቶ አይታይም። ቢሆንም ከሁለቱ የቱ የመሐንዲስነት ተግባር እንደ ነበረ ሊከራከሩበት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ፊልሙም ይህን ክርክር ከሙያው ሰዎች ነጥቆ ሌላ ቀላል ክርክር ሰጥቷቸዋል።

ስለ ጃፓኖቹ መሐንዲሶችም አንድ ቃል መናገር ይገባል፤ ጨካኝ መንግሥት አገልጋዮች መሆናቸው ዕውቀታቸውን አይፍቀውም። በፊልሙ ውስጥ የጃፓን መሐንዲስ መሬት መምረጥ፣ ሠራተኛ መመደብ የማይችል፣ እንግሊዛዊ እስኪያስተምረው የሚጠብቅ ሰው ነው። በእውነቱ ግን ሐዲዱን የቀየሱትና የመሩት የሠለጠኑ የጃፓን ጦር የባቡር ክፍለ ጦሮች ናቸው። ፉታማትሱ ዮሺሂኮ የተባለ ሲቪል መሐንዲስ ከእነርሱ ጋር ሠርቶ የግንባታውን ታሪክ በኋላ በመጽሐፍ ጽፏል። ድልድዩም በፊልሙ እንደሚታየው ከቀርከሃና ከግንድ የቆመ አልነበረም። በ1943 መጀመሪያ ጊዜያዊ የእንጨት ድልድይ ተሠራ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በአጠገቡ የኮንክሪት እግሮች ያሉት፣ ከጃቫ ተነቅለው በመጡ 11 የብረት ትረሶች የተሸፈነ ዋና ድልድይ ቆመ። ኮማንዶም አላፈነዳውም፤ የተመታው በ1944 እና በ1945 በአውሮፕላን ቦምብ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሲጠገን የፈረሱት ክፍሎች በሌላ ዓይነት ትረስ ተተኩ፤ ስለዚህ ዛሬ ድልድዩን የሚያይ ሰው ቅስት ጀርባ ባላቸው ትረሶች መካከል ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሁለት ትረሶች ያያል። ባቡርም እስከ ዛሬ ያልፍበታል።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሐዲዱን ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ የአውሮፓ ወታደሮች አልነበሩም። የጃፓን ጦር ከማላያ፣ ከበርማና ከጃቫ በደመወዝ ተስፋ እያታለለና በግድ እያፈሰ ከ180,000 በላይ የእስያ ሠራተኞች አግዟል። ታሚል ጎማ ቀጂዎች ከነቤተሰባቸው መጥተዋል። የሚያደራጃቸው መኮንን፣ የሚያክማቸው የጦር ሐኪም፣ ስማቸውን በመዝገብ የሚይዝ ጸሐፊ አልነበራቸውም፤ ኮሌራ ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ አለቀ። የሞቱት ወደ 90,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ግምት የሆነውም የቆጠራቸው ስለሌለ ነው። በፊልሙ ውስጥ ለእነዚህ ሰዎች ቦታ የለም። የእስያ ሰው በፊልሙ የሚታየው ጨካኝ ወታደር ሆኖ ወይም የኮማንዶዎችን ሻንጣ የምትሸከም ቆንጆ ልጅ ሆና ነው። ስለ ጉልበት ሥራ በተሠራ ፊልም ውስጥ ከጉልበት ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሳይታዩ መቅረታቸው እንደ ትንሽ ስሕተት የሚታለፍ አይደለም። አንድ ተቋራጭ የሥራ ሪፖርቱን እንዲህ አድርጎ ቢያቀርብ ሰነድ አጭበረበረ ተብሎ ይከሰሳል።

«ፊልም ታሪክ አይደለም» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል፤ የሚናቅ መልስም አይደለም። ልብ ወለዱን በ1952 የጻፈው ፒዬር ቡል ፈረንሳዊ ነው፤ የሚገርመው ደግሞ በትምህርቱ መሐንዲስ ነው። በማላያ የጎማ እርሻ ሲሠራ ጦርነት ደረሰበት፤ በኢንዶቺን የታሰረውም በጃፓኖች ሳይሆን በራሱ አገር ሰዎች፣ በቪሺ መንግሥት ወታደሮች ነበረ። ኒኮልሰንን ሲፈጥር ያሰበው ከጠላት ጋር ያበሩ የፈረንሳይ መኮንኖችን እንደ ነበረ በኋላ ተናግሯል። የመጽሐፉ ድልድይም ሳይፈርስ ይቀራል። ልብ ወለድ እንዲህ ቢፈጥር መብቱ ነው። ሆኖም የፈረንሳይ መኮንኖች ኃጢአት በእንግሊዝ ኮሎኔል ላይ ተጭኖ፣ እውነተኛ ሐዲድና እውነተኛ ቦታ ተጠርቶ ሲነገር፣ ተመልካቹ የፈጠራውን ድንበር በምን ያውቃል? እንዳላወቀም ማስረጃው ወንዙ ራሱ ነው። ቡል ቦታውን አላየውም ነበርና ሐዲዱ ረጅም መንገድ የክዋይን ወንዝ ተከትሎ ስለሚሄድ ድልድዩም በክዋይ ላይ ያለ መሰለው፤ እውነተኛው ድልድይ የቆመው ግን ሜ ክሎንግ በሚባለው ወንዝ ላይ ነበር። ፊልሙን ያዩ ጎብኚዎች የክዋይን ድልድይ እየፈለጉ ሲመጡ አገሩ ተቸገረ፤ በመጨረሻም በ1960 የሜ ክሎንግ የላይኛው ክፍል ክዋይ ያይ ተብሎ ስሙ ተለወጠ። ፊልም ከታሪክ ጋር ባይስማማ ጊዜ ወንዙ ስሙን ቀይሮ አስማማቸው።

እግረ መንገድ ሌላም ነገር ይነሣል። ድልድዩን ማን እንደ ሠራ ጽላት ስለ መቸንከር የሚተርከው ይህ ፊልም የራሱን ጽሑፍ ማን እንደ ጻፈው ደብቋል። እውነተኞቹ ጸሐፊዎች ካርል ፎርማንና ማይክል ዊልሰን በዚያን ጊዜ በሆሊውድ በፖለቲካ ምክንያት ሥራ የተከለከሉ ስለ ነበሩ፣ ሽልማቱ ለቡል ተሰጠ። ስማቸው ታድሶ ሽልማቱ የተፈቀደላቸው በ1984 ሲሆን ሁለቱም አርፈው ነበር።

በፊልሙ ውስጥ ያለ ጥርጥር የሚደነቀው የምሕንድስና ሥራ ምናልባት ለፊልሙ የተሠራው ድልድይ ነው። በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ኪቱልጋላ በተባለ ሥፍራ የቆመው ይህ የእንጨት ድልድይ ርዝመቱ 130 ሜትር፣ ከውኃው በላይ ከፍታው 15 ሜትር ያህል ነበር። ሥራው የተሰጠው የጆድሬል ባንክን ታላቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ላቀደው ለሀዝባንድና ኩባንያ ነው። እውነተኛ ባቡር ተሸክሞ፣ በተፈለገው ቅጽበት በተፈለገው አኳኋን እንዲፈርስ ታስቦ የተሠራ ድልድይ ተራ ሥራ አይደለም። በማርች 1957 ሲፈነዳም ሰው አልሞተበትም። ዓላማው ታውቆ፣ ለዓላማው በሚገባ ተሠርቶ፣ በዓላማው ቀን የፈረሰ ድልድይ ነው፤ ኒኮልሰን ያላስተዋለውን ነገር አናጢዎቹ አስተውለውት ነበር ማለት ይቻላል።

ቱሲ ፊልሙ ከወጣ በኋላ የቀድሞ ምርኮኞች ወጥተው እንዲናገሩ ሲለምኗቸው፣ ስለ ራሳቸው መናገር የማይወዱ ሰው ስለ ነበሩ አልተቀበሉም። በመጨረሻ ለታሪክ ተመራማሪው ለፒተር ዴቪስ ብዙ ሰዓት የፈጀ ቃል በቴፕ ሰጥተው በ1975 አረፉ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1991 ነው። ሳይቶ የሚባልም እውነተኛ ሰው ነበረ። ኮሎኔል አልነበሩም፤ በታማርካን የሰፈሩ ሁለተኛ አዛዥ የሆኑ የበታች ሹም ነበሩ። ከሌሎቹ ይልቅ ርኅሩኅ ስለ ነበሩ፣ ከጦርነቱ በኋላ ቱሲ መስክረውላቸው ከጦር ወንጀል ክስ ድነዋል። ሳይቶም በ1984 ወደ እንግሊዝ አገር ተጉዘው መቃብራቸውን ጎብኝተዋል። ይህን የሚያህል ታሪክ በእጅ እያለ በምትኩ እልኸኛና ጨካኝ ኮሎኔል መፍጠር ለምን እንዳስፈለገ፣ ፊልሙን የሚያደንቁ ሰዎች ቢያስረዱ መልካም ነበር።

ዛሬ ወደ ካንቻናቡሪ የሚሄድ ጎብኚ በመጀመሪያ ድልድዩን ያያል፤ ብዙዎች በላዩ ሲራመዱ ያችኑ ዜማ ያፏጫሉ። ከዚያ ወደ ጦር መቃብሩ ሲወሰድ ወደ 7,000 የሚጠጉ የምርኮኞች መቃብሮች በመስመር ተደርድረው ያገኛል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የክፍለ ጦር ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ከድልድዩ አጠገብ ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያየው አንድ ሐውልት አለ። ያቆሙት ጃፓኖቹ ራሳቸው ናቸው፤ በ1944፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በሐዲዱ ሥራ ለሞቱት ሁሉ። በላዩ ላይ ያሉት ጽሑፎች በልዩ ልዩ የእስያ ቋንቋዎች ጭምር የተቀረጹ ናቸው። የሰው ስም ግን አልተጻፈበትም።